ሰላምታ ነው ያልኩት

ሰመራ ላይ የጋለ ስልክ የቆርቆሮ ሳህን ላይ አስቀምጦ፣ ከሳህኑ ሥር በደንብ የተጨመቀ እርጥብ ጨርቅ አንጥፎ ማሠራት የጀመርኩት እኔ ነኝ። ዛሬ ባለ ሱቁም ባለ ባጃጁም ያደርገዋል፤ ከማን እንደተማረው ቢጠየቅ ግን አያውቅም። እኔ አውቃለሁ። የትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጬ የማላውቅ ሰው ነኝ። በጉርምስናዬ ከደጋ ወርጄ ለጥጥ ለቀማ ስቀጠር ስሜን እንኳ መጻፍ አልችልም ነበር። ፊደል የለየሁት ከጆንያ ላይ ጽሑፍና ስኳር ከሚጠቀለልበት ጋዜጣ ነው። አፋርኛ የለመድኩት ቦይ ዳር ከብት ከሚያጠጡ ሰዎች ጋር እየተጣላሁና እየታረቅሁ ነው። ሬዲዮ ጥገና የተማርኩት ደግሞ የገዛ ሬዲዮዬን ፈትቼ፣ መልሼ መግጠም አቅቶኝ ካለቀስኩ በኋላ ነው። ኋላ አዋሽ ከተማ የጥገና ሱቅ ከፈትኩ። ከሬዲዮ ወደ ቴፕ፣ ከቴፕ ወደ ሞባይል ስንሸጋገር «ይሄ እንኳ ለሽማግሌ ይከብዳል» ያለኝ ሁሉ የተበላሸ ስልኩን ይዞ ወደ እኔው ተመልሷል።

ይህን አስቀድሜ የምናገረው ጉራ ስለምወድ ብቻ አይደለም፤ መውደዱንማ እወዳለሁ። ባለማወቅ ነው ያጠፋው ብሎ የሚያዝንልኝ ሰው እንዳይኖር ነው። ያጠፋሁት ከማንም በላይ በማውቀው ነገር ላይ ነው።

ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ የምኖረው ሰመራ፣ መንግሥት መሥሪያ ቤት ከምትሠራው ልጄ ጋር ነው። የአዋሹን ቤቴን ግን አልተውኩትም፤ በአውቶቡስ እመላለሳለሁ። በዚያ መንገድ ላይ የማላውቀው ሻይ ቤት፣ የማያውቀኝ ሾፌር የለም እላለሁ። ውሸትም አይደለም።

አዋሽ አካባቢ መሬቱ ደጋግሞ ሲንቀጠቀጥና ሲሰነጠቅ ብዙ ሰው ቀዬውን ለቀቀ። ጥቂት ሴቶች ዘመድ ተከትለው ሰመራ ድረስ መጡ። አንዲት የሥነ ልቦና ባለሙያ በየሳምንቱ እየሰበሰበች ሥዕል ታስላቸው፣ የሸክላ ጭቃ ታስይዛቸው ነበር። ሕክምና ነው፤ አፍ ያቃተውን እጅ ያወጣዋል ይላሉ። አዲስ አበባ ደግሞ በዚሁ ዓይነት ሕክምና ላይ ጥናት የምትሠራ ወጣት ሴት ነበረች። ሥዕሉ ምን እንዳደረገላቸው ሴቶቹን ራሳቸውን መጠየቅ ፈለገች። በቅርቡ ስለወለደች መምጣት አልቻለችም። ስለዚህ በስልክ፣ በቀጥታ፣ መልክ ለመልክ እየተያየች ልታነጋግራቸው አሰበች። አፋርኛ የሚያስተረጉም አንድ ሰው፣ ስልኩን የሚቆጣጠር ሌላ ሰው ያስፈልጋል ተባለ። የልጄ ባልደረባ «ለሁለቱም አንድ ሰው ይበቃል» ብላ እኔን ጠቆመች። ልክ ብላለች።

ከመጀመራችን በፊት አጥኚዋ ደወለችልኝ።

«አባባ፣ አንድ አደራ አለኝ። ተጠያቂዋ የምትለውን እንዳለ ይንገሩኝ፤ ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ። የማይረባ ቢመስልዎትም እንኳ። ዝም ስትል ደግሞ ዝም ይበሉልኝ።»

«ልጄ፣ እኔ እኮ ለስንት ባለሥልጣን ያስተረጎምኩ ሰው ነኝ።»

«ነግረውኛል» አለች እየሳቀች። «እሱን ነው የፈራሁት።»

እኔም ሳቅኩ። የሚያስፈራ ነገር አልታየኝም።

ቦታው ተማሪ የሌለበት አንድ መማሪያ ክፍል ነበር። ፀሐይ ሳትበረታ በማለዳ ገባን። ስልኩን ከሳህኑ ጋር በጀሪካን አስደግፌ አቆምኩት። ተጠያቂዋ ከፈንታሌ ተራራ ሥር የመጣች የልጆች እናት ነበረች፤ ሰመራ ከባሏ እህት ጋር ተጠግታ ትኖራለች። ቀጥ ብላ ተቀመጠችና መጀመሪያ የጠየቀችው እኔን ነው።

«ይቺ ሴትዮ ታየኛለች?»

«ታይሻለች።»

«የአሁኑን ነው? የትናንቱን አይደለም?»

«አሁን፣ እኔ እንደማይሽ።»

ደስ አላት። ለምን ደስ እንዳላትም ገብቶኝ ነበር፤ ጥፋቴ የሚጀምረው ከዚሁ ነው። አስቀድሞ ለተቀዳ ምስል ዳጉ አይሰጥም። ዳጉ አፋሮች ሲገናኙ ያዩትንና የሰሙትን የሚለዋወጡበት ሥርዓት ነው። ሁለት መንገደኞች ሲገናኙ ቁጭ ይላሉ። አንዱ ይናገራል፤ ሌላው አያቋርጥም። ከማን ሰማህ፣ መቼ ሰማህ ይባላል። ከዚያ ተራው ይዞራል። ዝናብ የት እንደጣለ፣ ማን እንደታመመ፣ የማን ግመል እንደጠፋ በዚህ መንገድ ከሬዲዮ ቀድሞ ይደርሳል፤ ይህን የሚላችሁ ሬዲዮ ሲጠግን የኖረ ሰው ነው። የተቀበለ ሰው ደግሞ ለሚቀጥለው ማድረስ አለበት። ይዞ የቀረ ሰው ከዋሸ ሰው ብዙም አይሻልም።

ሴትየዋ ወደ ስልኩ ጎንበስ ብላ ጀመረች።

«እኔ ደህና ነኝ፤ ልጆቼም ደህና ናቸው፤ አልሐምዱሊላህ። እናቴን አጥቻለሁ። መሬቱ በተሰነጠቀ ጊዜ እኛን በአንድ መኪና ጫኑን። እሷ ፍየሎቼን አልተውም ብላ ቀረች። ኋላ ከፍየሎቹ ጋር በሌላ መኪና ሄደች ሲሉ ሰማሁ። የት እንደወረደች የሚያውቅ አላገኘሁም። ስልክ የላትም። ፍየሎቿ ቀኝ ጆሯቸው እንደ ወፍ እግር የተሰነጠቀ፣ ግራው ጫፉ የተቆረጠ ነው። ያየ ሰው ይንገረኝ። እናቴን ያየ፣ ልጅሽ ሰመራ ናት ይበላት።»

«ምን እያለች ነው አባባ?» አለች አጥኚዋ። «ረዘመ።»

«ሰላምታ ነው» አልኩ። «የአፋር ሰላምታ ይረዝማል።»

«እንዴት ደስ ይላል! እኔም ሰላም ብያታለሁ ይበሉልኝ።»

«ሰላም ብላሻለች» አልኳት ለሴትየዋ። እሷ ግን ገና ትጠብቅ ነበር። ተራው ዞሮ የሚመጣላትን ወሬ ነው የምትጠብቀው። ምንም አልመጣም።

ለምን እንዲህ አደረግሁ? ስልኩ ቶሎ ይግላል፤ ፀሐይ ስትበረታ ኔትወርኩም ይዳከማል፤ ዋናው ጥያቄ ሳይነካ እንዳይቋረጥ ብዬ ነው። ይህ አንዱ እውነት ነው። ሌላው፣ እናቴን አጣሁ የሚል ወሬ በዚያ ሰሞን ከየአፉ ይሰማ ስለነበር ጆሮዬ ለምዶታል። ከሁሉ የሚብሰው ግን እኔ የምጠብቀው ትልቁን ነገር ነበር፤ ስለ ነፍስ፣ ስለ ሥዕል፣ ስለ ሕመም የሚባለውን፣ ማንም ተርጓሚ የማይችለውን። የጠፋች እናትና ፍየልማ ማንም ይተረጉመዋል።

ከዚያ ሥዕሏን አወጣች። አንዲት ፍየል፣ ጎኗን ሰጥታ የቆመች። ጆሮዎቿ ከአካሏ ይልቅ ተልቀውና ተጠንቅቀው የተሣሉ።

«ይህን ስትስይ ምን ተሰማሽ? ምን ማለት ነው ለአንቺ?» አለች አጥኚዋ። ተረጎምኩ።

ሴትየዋ ግራ ገብቷት አየችኝ። «ነግሬአታለሁ እኮ» አለች፤ ከዚያ ዝም አለች።

ዝም ስትል ዝም ይበሉ ተብዬ ነበር። ነገር ግን በስልክ ላይ ዝምታ ደስ አይልም፤ ሰው የተበላሸ ነገር ይመስለዋል፤ የተበላሸ ነገር ደግሞ እኔ ፊት ቆሞ አያውቅም። ልጄ ቤት ያገኘሁትን የሥነ ልቦና መጽሐፍ ደጋግሜ አንብቤ ጨርሼ ነበር። እንዲህ አልኩ፦

«ጆሮዋ የተሰነጠቀው ፍየል ሰሚ ያጣች ነፍሴ ናት ትላለች።»

አጥኚዋ እጇን አፏ ላይ ጫነች። «አባባ! ይሄ በጣም ጥልቅ ነው።»

«ገና ምን አይተሽ» አልኳት።

ቃሉ ያምር ነበር። አሁንም ያምራል፤ ስለዚህ ነው ትዝ ባለኝ ቁጥር ጥርሴን የምነክሰው።

በመካከሉ ወደ አዋሽ ሄጄ ተመለስኩ። በመካከል ባለችው ገዋኔ ከተማ እንደ ልማዴ ወርጄ ምሳ በላሁ። ከምግብ ቤቱ ፊት ለፊት መንገድ ዳር የፍየል ገበያ አለ። ፍየል ነጂዎች አስፋልቱን ሲያቋርጡ አውቶቡሳችን ቆሞ ጠበቃቸው። እኔ በመስኮት የሚታየውን አላየሁም፤ ከጎኔ ለተቀመጠው አስተማሪ ስለ ነፍስና ስለ ፍየል ጆሮ የተረጎምኩትን እያስረዳሁ ነበር። አስተማሪው ተደንቋል።

በሁለተኛው ቃለ መጠይቅ ሴትየዋ ዳጉዋን እንደ አዲስ ጀመረች፤ ስለ እናቷ፣ ስለ ፍየሎቹ፣ ስለ ጆሮው። እኔም እንደ አዲስ «ሰላምታ ነው» አልኩ። ፍየሏን አተልቃ ሥላ መጥታ ነበር። ወረቀቱን ስልኩ ላይ እስኪለጠፍ አስጠጋችው፤ አዲስ አበባ ላይ የሚታየው ጆሮ ብቻ ሆነ። አጥኚዋ ዐይኗ እንባ አቀረረ። ሴትየዋ ያን እንባ አይታ ወደ እኔ ዞረች፤ አሁን ሰማችኝ ብላ ተስፋ ማድረጓን ከፊቷ አነበብኩ። እኔ ደግሞ ስለ ቁስል ሌላ ዓረፍተ ነገር ጨመርኩ።

በሦስተኛው ጊዜ ወረቀት አልያዘችም። ሰላምታም አልጀመረችም። አጥኚዋ የጠየቀቻትን በአንድ በአንድ ቃል መለሰችና «ይበቃኛል» ብላ ተነሣች። ጀሪካኔንና ሳህኔን ሰብስቤ ስወጣ በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ።

«ያቺ ሴትዮ እናት የላትም?»

«አላት መሰለኝ።»

«ልጅ አቅፋ አይቻታለሁ። የወለደች ሰው ናት። ዳጉዬን ሰጠኋት፤ ወይ ሰማሁ አላለች፣ ወይ አልሰማሁም አላለች። ፍየሏን ሥዬ አሳየኋት፤ ላየ ሰው ታሳይልኝ ብዬ። እሷ ምን ይሰማሻል ትለኛለች። የጠፋው ስሜቴ ነው እንዴ?»

ያኔ መናገር ነበረብኝ። አፌን ከፈትኩ፤ የወጣው ግን ሌላ ነው።

«የከተማ ሰው ናት» አልኩ። «ሥርዓቱን አታውቅም።»

«እንዴት አድርገው ነው ያሳደጓት!» አለችና ሄደች። ከአዲስ አበባ ሆና ላለቀሰችላት ሴት የተረፋት ይህ ነበር። ያተረፍኩላት እኔ ነኝ።

ቤት ስገባ ልጄ ምሳ አቀረበች። «እሺ አባዬ፣ ዛሬ ደግሞ ማንን አስደነቅህ?» አለችኝ እንደ ሁልጊዜዋ። መልስ አልሰጠኋትም። እጇን ግንባሬ ላይ አድርጋ ትኩሳቴን ለካች። ጉራ ካልነፋሁ ታምሜአለሁ ማለት ነው፤ ልጄ እንዲህ ነው የምታውቀኝ። ገበታውን ገፋ አደረግሁት። ሬዲዮ ሲበላሽ መጀመሪያ የሚፈተሸው ማስተላለፊያው ጣቢያ አይደለም። እጅህ ላይ ያለው ነው። ይህን ለስንቱ አስተምሬአለሁ።

ከሰዓት በኋላ አጥኚዋ ጋ ደወልኩ።

«ፍየሏ ቁስል አይደለችም» አልኳት። «ፍየል ናት።»

«ምን ማለትዎ ነው አባባ?»

ነገርኳት። ስለ ዳጉ፣ ስለ እናትየዋ፣ ስለ ጆሮው ምልክት፣ ሰላምታ ነው ስላልኩት ሁሉ። ዝም አለች። መስመሩ የተቋረጠ መሰለኝና «ሄሎ! ሄሎ!» አልኩ።

«አለሁ» አለች። ከጀርባዋ ሕፃኑ ያለቅሳል። «ስለዚያ ጆሮ ስንት ገጽ እንደጻፍኩ ያውቃሉ?»

«ልጄ...»

«ይቅር እሱ። እናትየዋ የት ናት?»

«አላውቅም።»

«ታዲያ ከእኔ ጋር ምን ያደርጋሉ? ይሂዱ እንጂ አባባ!»

በማግስቱ ሴትየዋ ያለችበት ቤት ሄድኩ። ልብስ እያጠበች ነበር።

«የጆሮውን ምልክት እንደገና ንገሪኝ» አልኳት።

«ነግሬሃለሁ እኮ።»

«በትክክል እንድይዘው ነው።»

እጇ ውሃው ውስጥ ቆመ። ቀና ብላ ለረጅም ጊዜ አየችኝ። «ካንተ አላለፈም?» አለች።

ዐይኔን ወደ ውሃው መለስኩ።

«ይሄን መንገድ እንደ ጓሮዬ አውቀዋለሁ ያልከኝ አንተ ነህ። ለሌላም ነግሬ ነበር። ግን አንተ ትመላለሳለህ ብዬ በአንተ ነው የተማመንኩት።»

አልጮኸችም። ብትጮኽብኝ ይሻለኝ ነበር፤ ለጩኸት መልስ አጥቼ አላውቅም። እጇን በቀሚሷ አደራርቃ ገባችና ትልቁን ሥዕል አምጥታ ሰጠችኝ። ጥቅልል አድርጌ ያዝኩት። ልጄን ስልክሽን ይዘሽ ከሴትየዋ አጠገብ ሁኚ ብዬ ለምኜ መንገድ ጀመርኩ።

ገዋኔ ላይ ምሳ አልበላሁም። ቀጥታ ወደ ፍየል ገበያው ሄጄ ሥዕሉን ለአንድ ነጋዴ ዘረጋሁለት።

«ሽማግሌ፣ ፍየል በሥዕል መግዛት ጀመርክ እንዴ?» አለኝ። አጠገቡ ያሉት ሳቁ።

«ጆሮዋን እይ።»

ቀልዱን ተወ። ወረቀቱን ተቀብሎ ወደ ፀሐይ አዞረው። «የሣለው ሰው ፍየል ያውቃል» አለ። «እንዲህ ምልክት ያላቸውን የሸጠችልኝ ከፈንታሌ የመጣች አሮጊት ናት። ከዘመዶቿ ጋ ናት፣ በዚያ በኩል። አንተ ሁልጊዜ ምሳ የምትበላበት ቤት ጓሮውን አልፈህ።»

ጓሮውን አልፌ ሄድኩ። ሩቅ አልነበረም። እጅ ስታጠብ ያፈሰስኩት ውሃ የሚወርደው ወደዚያ ነው።

አሮጊቷ በዕድሜ እኔን ታህላለች። ከጎጆዋ ጥላ ሥር ሰሌን ላይ ተቀምጣ ነበር። ስልኩን አውጥቼ ወዲያው መደወል እችል ነበር፤ ነገር ግን ደግሜ ሥርዓቱን መዝለል አልቻልኩም። ተቀመጥኩ። ዳጉ የሚጀምረው መንገደኛው ነው፤ እኔ ግን አንቺ ጀምሪ አልኳት። ፈርቼ ይሆናል። እሷም ጀመረች፤ አላቋረጥኳትም።

መሬቱ ሲሰነጠቅ ልጇ በሌላ መኪና እንደተጫነች ነገረችኝ። በዚያ ሰሞን ሰው የጫነ መኪና መንገድ ላይ መገልበጡን ሰማች። ልጅሽ አልነበረችበትም የሚላት ሰው ጠበቀች። ከሰመራ በኩል የሚመጣውን ሁሉ ጠየቀች፤ ወሬ የያዘ የለም። ያለ ወሬ የቆየ ሰው ሞቷል ብላ ለአላህ ሰጠች። የቀረቻትን አንዲት ወተት ሰጪ ፍየል አርዳ ስለ ልጇ ሰደቃ አወጣች፤ ዱዓ አስደረገች። ወሬዋ ይህ ነው።

ተራው የእኔ ሆነ። ስልኩን አወጣሁና ደወልኩ። የልጄ ፊት ታየ፤ ከዚያ ልጄ ስልኩን ወደ ሴትየዋ አዞረችው።

እናትና ልጅ ተያዩ። አሮጊቷ ጣቷን ዘርግታ የልጇን ፊት በመስታወቱ ላይ ነካች።

«የአሁኑን ነው?» አለችኝ።

«አሁን ነው።»

ከዚያ ተናገሩ። ስለ ልጆቹ፣ ስለ ጎረቤቶቹ፣ ማን የት እንደወረደ። አለቀሱም። የሚተረጎም ነገር አልነበረም፤ ለእኔ የተረፈኝ ሥራ ስልኩን መያዝ ብቻ ነው። ደስታቸውን በቅርብ እያየሁ የማስበው ግን የታረደችውን ፍየል ነበር። በኋላ አሮጊቷ ፊቷን ከስልኩ ወደ እኔ መለሰች። ሥርዓቱ ገና አላለቀም ነበርና።

«ከማን ሰማህ?»

«ከራሷ አፍ።»

«መቼ ያዝከው?»

«ሰሞኑን» አልኩ።

አሮጊቷ ልታረጋግጥ ልጇን አየች። ልጇ ሁሉንም ሰምታለች። መቼ እንደነገረችኝም፣ ስንት ጊዜ እንደነገረችኝም ታውቃለች። አልተናገረችም። ከንፈሯም ዐይኗም አልተንቀሳቀሰም።

«ቆመ እንዴ?» አለችኝ አሮጊቷ ስልኩን እያሳየችኝ።

አዎ፣ ኔትወርኩ ነው ማለት እችል ነበር። ምላሴ ላይ ተዘጋጅቶ ነበር፤ የለመድኩት ቃል ነው፤ የሚጠይቀኝም የለም።

«አልቆመም» አልኩ። «ዝም ብላ ነው።»

አሮጊቷ ልጇን አየች፤ እኔን አየች። ገባት።

«ፍየሏ ወፍራም ነበረች» አለችኝ። «ቀደም ብለህ ብትመጣ ወተቷን አጠጣህ ነበር።»

ወደ ልጇ ዞራ ካቆመችበት ቀጠለች። ስልኩ እጄ ላይ መጋል ጀመረ። ሳህንም ጨርቅም አልያዝኩም ነበር። መዳፌን አቃጠለኝ፤ አላስቀመጥኩትም፤ አውርተው እስኪጨርሱ እንደያዝኩት ተቀመጥኩ።